የኦንላይን ኮሌጅ ትምህርት፦ በሙሉ ጊዜ ወይስ በትርፍ ጊዜ?

«ትርፍ ጊዜ» የሚለው ስም ብዙ ተማሪ ያሳስታል። ሰሚው ከሥራና ከቤት ጣጣ ተርፎ አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰዓት ያለው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው አዋቂ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በትርፍ ጊዜ የሚማር ሰው የሚያጠናበትን ሰዓት ከሆነ ነገር ላይ ቆርሶ ነው የሚወስደው፤ ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹ፣ ከቅዳሜና እሁዱ ወይም ከሥራው። በሙሉ ጊዜ የሚማረውም ይቆርሳል፤ የሚለየው የቁራሹ መጠን ነው። ስለዚህ «የትኛው ቶሎ ያስመርቀኛል?» ከማለት በፊት «ሰዓቱን ከምን ላይ ነው የምቆርሰው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። ሙሉ ቀን እየሠራሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር አራት ኮርስ ወሰድኩ። መንገድ የለም፣ ክፍል ለመግባት መሮጥ የለም፣ ማታ ማታ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። እስከ አምስተኛው ሳምንት ደህና ሄደ። በስድስተኛው ሳምንት የሁለት ኮርስ ሚድ እና የሦስት ኮርስ አሳይመንት አንድ ላይ መጡ፤ በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤትም የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዘጋ ነበር። ሁለቱን ኮርሶች ትቼ ወጣሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ከምችለው በታች በሆነ ውጤት ጨረስኩ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ወሰድኩና እውነተኛ አቅሜን ያኔ አወቅኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው «ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ» የምለውን ነው።

በወረቀት ላይ «ሙሉ ጊዜ» ማለት ምንድን ነው?

ሙሉ ጊዜ እና ትርፍ ጊዜ የስሜት ጉዳይ ሳይሆኑ በክሬዲት (የኮርስ ክብደት በሚቆጠርበት መለኪያ) የሚለኩ፣ በሬጂስትራር መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ ደረጃዎች ናቸው። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ሲወስድ ሙሉ ጊዜ ይባላል፤ 6 ክሬዲት ደግሞ የግማሽ ጊዜ መነሻ ነው። በአውሮፓ የጋራ የክሬዲት ሥርዓት የሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት 60 ክሬዲት ነው። እያንዳንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ስለሚጠይቅ ዓመቱ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በእንግሊዝ ዓመቱ 120 ክሬዲት፣ አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት፣ ሙሉው ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በትርፍ ጊዜ ለሚማሩት ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መንገድ በዓመት 60 ክሬዲት ነው። በዚህ ፍጥነት ዲግሪው ስድስት ዓመት ይፈጃል።

ቁጥሮቹ ቢለያዩም አንድ ነገር አይለወጥም፤ ትምህርቱ ኦንላይን ስለሆነ ክሬዲቱ የሚጠይቀው ሰዓት አይቀንስም። የቀረልዎት መንገዱና የመቀመጫ ወንበሩ ብቻ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ኮርስ ላይ ሰዓቱ ይጨምራል፤ በአካል ቢሆን በሁለት ደቂቃ ቃል የሚያልቀው ውይይት በኦንላይን በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ የሌሎች ተነቦ፣ መልስ ተሰጥቶበት ነው የሚያልቀው።

አንድ ሥጋት ከወዲሁ ይነሳ። «በትርፍ ጊዜ የተገኘ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይታያል» የሚል ወሬ አለ። ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ለንደን ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግቢውን ሳይረግጡ ለሚማሩ ሰዎች ፈተና አቅርቦ ዲግሪ ሰጥቷል፤ በርቀት መማር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ዲፕሎማው ላይም አብዛኛውን ጊዜ ስንት ክሬዲት በሴሚስተር እንደወሰዱ አይጻፍም። ቀጣሪ ሊጠይቅ የሚችለው ተቋሙ ዕውቅና ያለው መሆኑን ነው፤ ይህ ደግሞ ሙሉ ጊዜም ሆነ ትርፍ ጊዜ እኩል የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ሳምንትዎን ይቁጠሩ

ውሳኔው በእውነት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ።

በአሜሪካው አሠራር አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ነው። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፣ በጠቅላላው 135 ሰዓት ይጠይቃል። አራት ኮርስ 36 ሰዓት፣ አምስት ኮርስ 45 ሰዓት ነው። ሙሉ ጊዜ ማለት ሙሉ ሥራ ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

አሁን የእርስዎን ይቀንሱ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ስምንት ስምንት ሰዓት ሲተኛ 56ቱ ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። ሥራ ከነመንገዱ 50 ሰዓት ቢወስድ 62 ይቀራል። ማብሰል፣ መብላት፣ መታጠብ፣ ልጆች፣ ልብስ፣ ጉዳይ መጨረስ በቀን አምስት ሰዓት ቢባል 35 ነው፤ 27 ይቀራል። ለዕረፍት፣ ለወዳጅ ዘመድና ለድንገተኛ ነገር በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ ሲነሳ 20 ሰዓት ይቀራል።

ሃያ ሰዓት ሁለት ኮርስ ይችላል፤ 18 ሰዓት ነውና። በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓትም ይተርፋል። ችግሩ ሰዓቶቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። ጠዋት ሁሉም ሳይነሳ ያለችው አንዲት ሰዓት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ዓይን እየተከደነ ከሚነበብባቸው ሁለት ሰዓታት ትበልጣለች። ቀመር የሚፈታበት፣ ኮድ የሚጻፍበት፣ ድርሰት የሚረቀቅበት ሰዓት ንቁ አእምሮ ይፈልጋል፤ የተቀዳ ቪዲዮ ማየት፣ የውይይት መድረክ ላይ መልስ መጻፍ፣ የምንጮችን ዝርዝር ማስተካከል ግን የደከመ ሰውም ይሠራዋል። ስለዚህ ሃያውን ሰዓት ለሁለት ይክፈሉት፤ ስንቱ ንቁ፣ ስንቱ የድካም ሰዓት ነው? ንቁው ሰዓት ከስድስት በታች ከሆነ አንድ ከባድ ኮርስ ይበቃል፤ ሁለተኛ ካስፈለገም ቀላሉን ነው መምረጥ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሲቆጥር ደህናውን ሳምንት ነው የሚቆጥረው። እርስዎ ግን ክፉውን ይቁጠሩ። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ የወር መዝጊያውን፣ ነርስ ከሆኑ የሌሊት ፈረቃውን፣ ወላጅ ከሆኑ ልጅ የታመመበትን ሳምንት። ሴሚስተር ውስጥ እንዲህ ያለ ሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከፈተና ጋር ሲገጥም ደግሞ እንደኔ ይሆናል።

ከመመዝገብ በፊት አንድ ሙከራ እመክራለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ኦፕን ኮርስዌር በተባለ ድረ ገጽ ላይ የብዙ ኮርሶች ማስታወሻና መልመጃ በነጻ ይገኛል። ለመማር ካሰቡት መስክ አንዱን ይምረጡና ለሁለት ሳምንት፣ ልክ እንደተመዘገበ ሰው፣ አጠናበታለሁ ባሉት ሰዓት ይቀመጡ። በየቀኑ በእርግጥ የተቀመጡበትን ደቂቃ ይጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚያገኙት ቁጥር የእርስዎ እውነተኛ አቅም ነው፤ ምኞትዎ ሳይሆን እሱ ይመዝገብ።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

120 ክሬዲት የሚጠይቅ የመጀመሪያ ዲግሪ በሴሚስተር 15 ከተወሰደ በስምንት ሴሚስተር፣ ማለትም በአራት ዓመት ያልቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ነው፦ በሴሚስተር 12 የሚወስድ ተማሪ «ሙሉ ጊዜ» ቢባልም አሥር ሴሚስተር ያስፈልገዋል፤ አምስት ዓመት። ሙሉ ጊዜ መባል በአራት ዓመት ለመመረቅ ዋስትና አይሆንም።

በሴሚስተር 6 የሚወስድ ደግሞ ሃያ ሴሚስተር ይፈልጋል። በዓመት ሁለት ሴሚስተር ብቻ ከተማረ አሥር ዓመት ነው፤ ክረምቱንም ጨምሮ ሦስት ከተማረ ወደ ሰባት ዓመት ይጠጋል። ይህን ቁጥር ሳያዩ መመዝገብ አይገባም። አሥር ዓመት ረጅም ነው፤ ሥራ ይቀየራል፣ ቤተሰብ ይሰፋል፣ የትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርቱን ይለውጣል። አንዳንድ ተቋማት የቆየ ክሬዲት አይቀበሉም፣ ፕሮግራሙን ለመጨረስም የዓመት ገደብ ያስቀምጣሉ።

የሁለተኛ ዲግሪ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። 30 ክሬዲት፣ አሥር ኮርስ ያለው ማስተርስ በሴሚስተር አንድ ኮርስ፣ በዓመት ሦስት ሴሚስተር ቢወሰድ ከሦስት ዓመት ተኩል በታች ያልቃል። የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኦንላይን የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አሥር ኮርስ ነው፤ ብዙ ተማሪዎቹም ሥራቸውን ሳይለቁ ይማሩበታል። ስለዚህ የትርፍ ጊዜ ጥያቄ ለመጀመሪያ ዲግሪና ለማስተርስ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ለማስተርስ፣ ሥራ ላለው ሰው፣ ትርፍ ጊዜን ያለ ብዙ ማመንታት እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን ክሬዲት የሚያሳጥር መንገድ (ከሌላ ቦታ የተወሰደ ክሬዲት ማዛወር፣ በፈተና ነጻ መሆን፣ የሥራ ልምድ ማስቆጠር) ሳይኖር ከዜሮ በሁለት ሁለት ኮርስ መጀመር ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የቅድመ ሁኔታ ሰንሰለቱም ይታይ። አራት ኮርሶች አንዱ የሌላው መነሻ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ፣ በሴሚስተር ስድስት ኮርስ ቢወስዱም ሰንሰለቱ ከሦስት ዓመት በላይ ሊይዝዎት ይችላል። በትርፍ ጊዜ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ቀላሎቹን ጠቅላላ ኮርሶች አስቀድሞ፣ የሰንሰለቱን መጀመሪያ ወደ ኋላ መተው ነው። ከዚያ ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚወሰድ ነገር ያጣል፤ የቀረው ሁሉ ገና ያልተማረውን ኮርስ ይጠይቃልና። በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ የሚወስዱ ቢሆን እንኳ እሱ የሰንሰለቱ ኮርስ ይሁን።

ገንዘቡ

ክፍያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በክሬዲት ይቆጥራል፣ ሌላው ለጊዜ ያስከፍላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ለስድስት ወር አንድ ወጥ ክፍያ ይቀበላል፤ ተማሪው በዚያ ጊዜ ብዙ ኮርስ ቢጨርስ ክፍያው አይጨምርም። እንዲህ ባለ ቦታ በዝግታ መሄድ ኪስ ይጎዳል፤ ጊዜ ያለውና የመስኩ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ይጠቀማል። በክሬዲት በሚያስከፍለው ቦታ የትምህርት ክፍያው ድምር ብዙም አይለያይም፤ ነገር ግን በየሴሚስተሩ የሚጠየቁ የምዝገባና የአገልግሎት ክፍያዎች ስምንት ጊዜ መክፈልና ሃያ ጊዜ መክፈል አንድ አይደለም።

በሌላው ሚዛን ላይ ደመወዝ አለ። ሥራ ለቀው ሙሉ ጊዜ የሚማሩ ከሆነ የሚያጡት ደመወዝ ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል፤ ሰው ግን የከፈለውን እንጂ ያልተከፈለውን አይቆጥርም። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ይደምሩ። በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ቶሎ መመረቅ የሚያመጣውን ይጻፉ፦ ዲግሪው የደመወዝ ዕድገት በእርግጥ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት ቀድሞ መመረቅ የሦስት ዓመት ዕድገት ነው።

የነጻ ትምህርት ዕድልና ብድር ያላቸው ልብ ይበሉ። ብዙ የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው። 12 ክሬዲት ላይ ሆነው አንድ ኮርስ ቢጥሉ 9 ላይ ይወድቃሉ፤ ያቺ አንዲት ኮርስ ሙሉውን ድጋፍ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። በአሜሪካ የፌዴራል ተማሪ ብድር ላይ ደግሞ ተማሪው ከግማሽ ጊዜ በታች ሲወርድ የስድስት ወር የዕፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ክፍያ ይመጣል። ተማሪው ገና እየተማረ ነው፣ ብድሩ ግን ይህን አያውቅለትም።

ቪዛም እዚህ ይነሳል፤ ለሚመለከተው ሰው ሁሉንም ነገር የሚወስን ነው። በአሜሪካ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ሙሉ ጊዜ ሊማር ግድ ነው፤ ከሙሉ ጊዜው ውስጥ የሚቆጠርለት የኦንላይን ኮርስ ደግሞ በሴሚስተር ከአንድ፣ ማለትም ከ3 ክሬዲት አይበልጥም። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከሆነ ካሉበት አገር ሆነው የሚማሩት እንጂ በተማሪ ቪዛ የሚሄዱበት አይደለም።

አጫጭር ተርሞች

የኦንላይን ኮሌጆች የሚወዱት አሠራር አለ፤ የ15 ሳምንቱን ኮርስ በ8 ሳምንት ተርም፣ ማለትም ባጠረ የትምህርት ጊዜ መስጠት። እዚህ ላይ ሙሉ ጊዜና ትርፍ ጊዜ የሚሉት ቃላት ትርጉም ያጣሉ። 135 ሰዓት በስምንት ሲካፈል በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ኮርስ አብረው ከወሰዱ 34 ሰዓት ይሆናል። መዝገቡ 6 ክሬዲት፣ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ይላል፤ ሳምንትዎ ግን የሙሉ ጊዜ ነው።

በተቃራኒው ሁለቱን በተርታ፣ አንዱን በመጀመሪያው ስምንት ሳምንት ሌላውን በሁለተኛው ቢወስዱ፣ ሸክሙ ሁለት ኮርስ በ15 ሳምንት አብሮ ከመውሰድ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ አእምሮ ውስጥ ያለው ግን አንድ ትምህርት ብቻ ነው። እኔ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህን እወዳለሁ። አደጋው አንድ ነው፦ አንድ ሳምንት መታመም የኮርሱን አንድ ስምንተኛ ማጣት ነው፣ ለማካካስም ቦታ የለም። የንባብና የጽሑፍ ኮርሶችን በአጭሩ ተርም፣ ሒሳብና ስታትስቲክስን ግን በረጅሙ መውሰድ ይሻላል። ሒሳብ ደጋግመው ሳይሠሩት አይገባም፤ ደጋግሞ ለመሥራት ደግሞ ቀናት ያስፈልጋሉ።

ትዝታና ውጤት

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ራሱን ተፈታኝ አድርጎ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን እየሸመደደ መርሳትን ለካ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን እንደሆነና እያደር እንደሚዘገይ፣ በቀናት የተከፋፈለ ክለሳም በአንድ ጊዜ ከተደረገ ሽምደዳ እንደሚበልጥ አሳየ። ይህ ለሁለቱም ዓይነት ተማሪ ትርጉም አለው። አምስት ኮርስ የያዘ ሰው ክለሳውን በቀናት ለመከፋፈል ቦታ ያጣል፤ የአንዱን ፈተና ለማለፍ የሌላውን ይረሳል። አንድ ወይም ሁለት የያዘ ሰው ደጋግሞ የመመለስ ዕድል አለው። በተለይ የተማረውን ሥራው ላይ የሚጠቀም ከሆነ (ሒሳብ አያያዝ የሚማር ሒሳብ ሠራተኛ እንደማለት) ሥራው ራሱ ክለሳ ይሆንለታል።

ነገር ግን ትርፍ ጊዜ የራሱ ቀዳዳ አለው። ካልኩለስ አንድን ጨርሶ ካልኩለስ ሁለትን ከዓመት በኋላ የሚወስድ ሰው መሐል ላይ የረሳውን እንደገና መማር አለበት። በሴሚስተሮች መካከል ሳይነካ የሚቆይ ደብተር ዋጋ ያስከፍላል። አጠገብ ለአጠገብ መወሰድ ያለባቸውን ኮርሶች አያራርቁ፤ ማረፍ ካስፈለገ ከሰንሰለቱ ውጭ ባለ ቦታ ላይ ይረፉ።

የቀጥታ ትምህርት፣ የቡድን ሥራ፣ ልምምድ

ኦንላይን ሲባል ሁሉም የተቀዳ ነው ብለው አያስቡ። በተወሰነ ሰዓት ሁሉም የሚገኝበት የቀጥታ ትምህርት ያለው ፕሮግራም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይህ የሚዘጋ በር ሊሆን ይችላል። የማስረከቢያ ሰዓቱም በተቋሙ አገር ሰዓት ይቆጠራል፤ እኩለ ሌሊት የተባለው በእርስዎ ዘንድ ማለዳ ወይም ቀትር ሊሆን ይችላል።

የቡድን ሥራ ላይ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ይቸገራል። ጓደኞቹ ቀን ይገናኛሉ፣ እሱ ማታ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ የምገኘው በእነዚህ ሰዓታት ነው» ብሎ መናገርና ለብቻ ሊሠራ የሚችል ክፍል መውሰድ ጠብን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተግባር ልምምድ ነው። የነርስነት፣ የመምህርነትና የማኅበራዊ ሥራ ትምህርቶች ንድፈ ሐሳቡ ኦንላይን ቢሆንም ልምምዱ በአካል፣ አብዛኛውንም በሥራ ሰዓት ነው። በትርፍ ጊዜ ለዓመታት ተምረው መጨረሻው ላይ ልምምዱን ለማድረግ ከሥራ ፈቃድ ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ። የተማሩት ሁሉ በእጃቸው ነው፣ ዲግሪው ግን አልወጣም። እንዲህ ያለ መስክ ከመረጡ የልምምዱን ሰዓት ብዛት ዛሬውኑ ይጠይቁና ፈቃድዎን ከአሁን ጀምሮ ያጠራቅሙ፤ ወይም የትርፍ ጊዜውን ጥናት ጨርሰው ለዚያ አንድ ሴሚስተር ወደ ሙሉ ጊዜ የሚዛወሩበትን ገንዘብ ያስቀምጡ።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ሥራ የሌለዎት፣ ወይም ሥራዎን ለቀው ለአንድ ዓመት የሚበቃ ስንቅ የያዙ፣ ዲግሪው በእርግጥ የሥራ በር የሚከፍትልዎት ከሆነ ሙሉ ጊዜ ይግቡ፤ ከገቡ ደግሞ በ12 ሳይሆን በ15 ክሬዲት ያስቡ። በነጻ ትምህርት ዕድል የሚማርም ምርጫው ያው ነው።

ትንሽ ልጅ ያለው ወላጅ፣ ፈረቃው የሚለዋወጥ ሠራተኛ፣ ወይም ከትምህርት ዓለም ብዙ ዓመት የራቀ ሰው የመጀመሪያውን ሴሚስተር በአንድ ኮርስ ይጀምር። ይህ ፍርሃት አይደለም። የትምህርት መድረኩን አጠቃቀም፣ የመምህራኑን አካሄድ፣ የራስን የንባብ ፍጥነት ለማወቅ አንድ ሴሚስተር ያስፈልጋል፤ ያንን በአራት ኮርስ ላይ ሆኖ ማወቅ ውድ ነው።

ቀጣሪዎ የሚከፍልልዎት ከሆነ በትርፍ ጊዜ ይቆዩ፤ ውሉን ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ብዙዎቹ የተወሰነ ውጤት ማምጣትን፣ ከተመረቁ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አለመልቀቅን ይጠይቃሉ።

ለመመረቅ አምስት ስድስት ኮርስ የቀረዎት ደግሞ፣ እስካሁን በዝግታ ቢመጡም፣ አንድ ሴሚስተር ፈቃድ ወስደው በሙሉ ጊዜ ይዝጉት። መጨረሻው አካባቢ ድካም ይበረታል፤ አንድ ሁለት ኮርስ እየቀረ የሚቋረጥ ትምህርት ደግሞ ከሁሉም ያሳዝነኛል።

የቤተሰብ ጉዳይ በሁለቱም መንገድ አለ። ኦንላይን የሚማር ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለቤተሰቡ «አለ» ማለት ነው። በር የሌለው ጥናት ጥናት አይሆንም። የትኞቹ ሰዓቶች የእርስዎ እንደሆኑ ከመመዝገብዎ በፊት አብረውዎት ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይነጋገሩ፤ በሚድ ሳምንት ላይ የሚጀመር ንግግር ጠብ ይሆናል።

መሐል ላይ መቀየር

ምርጫው የዕድሜ ልክ አይደለም፤ በብዙ ተቋማት በየሴሚስተሩ መቀየር ይቻላል። ሴሚስተሩ መሐል ላይ መቀየር ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኮርስ መጨመርና መጣል የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ውስጥ የተጣለ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም። ከዚያ በኋላ መውጣት «ደብልዩ» (ኮርሱን ትቶ ወጣ የሚል ምልክት) ሆኖ ይጻፋል። ደብልዩ አማካይ ውጤትን ባይቀንስም እንደተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል። በአሜሪካ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት ከ150 በመቶ በላይ ሞክሮ ድጋፉን ይዞ መቀጠል አይችልም፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ይህ 180 ነው። የወደቁበትም፣ ትተው የወጡትም፣ ያለፉበትም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ትቻቸው የወጣሁት ሁለቱ ኮርሶች መማሪያ ሆኑኝ ብል እንኳ ቁጥራቸው አልተሰረዘልኝም።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ለሬጂስትራር በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮርስ የሚጣልበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው፣ ገንዘቡስ እስከ መቼ ይመለሳል? ከሙሉ ጊዜ ወደ ትርፍ ጊዜ ብወርድ ምን አጣለሁ? ፕሮግራሙን ለመጨረስ የተቀመጠ የዓመት ገደብ አለ? አንድ ዓመት ባቋርጥ በነበርኩበት ሥርዓተ ትምህርት ነው የምመለሰው ወይስ በአዲሱ? ኮርሶቹ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡ የሚያሳይ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሰንጠረዥ ካላቸው እሱንም ይጠይቁ። ሰንጠረዡን ከሳምንት ቆጠራዎ አጠገብ ያስቀምጡና ኮርሶቹን በእርሳስ ያስገቡ፤ በየሴሚስተሩ ማረም ያስፈልጋል።